እሱ ጋ ስደርስ

የእጅ ጽሑፌ ያምራል። ይህን የምለው ልመጻደቅ ፈልጌ አይደለም፤ አንድ ንጹሕ ሰው ሰባት ዓመት የታሰረው በዚሁ ጽሑፍ ስለሆነ ነው። ክፉ ፖሊስ ማለት የሚማታ ፖሊስ ነው የምትሉ ካላችሁ ተሳስታችኋል። እኔ በአገልግሎት ዘመኔ ሁሉ አንድ ተጠርጣሪ በጥፊ መትቼ አላውቅም። እጄ ሥራ ይበዛበት ነበር፤ ይጽፋል።

ያደግኩት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። አባቴ ከሰሜን የመጣ ወታደር፣ እናቴ ደግሞ ከገረሴ ደጋ የወረደች ጋሞ ነበረች። አባቴ በቤቱ ከአማርኛ ሌላ እንዲነገር አይፈልግም፤ እሱ ሲወጣ ግን እናቴ የምትቆጣኝም የምታባብለኝም በጋሞኛ ነበር። ፖሊስ ስሆን ይህ ጠቀመኝ። ከበር ጥበቃ አንስተው ምርመራ ክፍል ያስገቡኝ ሁለት ቋንቋ ስለምሰማና ጽሑፌ ስለሚያምር ነው። እናቴ ያኔ ከጣቢያው አጥር ማዶ ቦርዴ ትሸጥ ነበር፤ ከደጋ ለጉዳይ የሚወርደው ሁሉ የእሷን ቦርዴ ጠጥቶ ነው የሚውለው። "ልጄ ጸሐፊ ሆነ" ብላ ለደንበኞቿ አወራች። ፖሊስ ሆነ አላለችም።

የክፍሉ ኃላፊ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ ኢንስፔክተር ነበር። የአርባ ምንጭን ሙቀት እንደ ግል ስድብ ነው የሚያየው። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ በቆመ ቁጥር ጥፋቱ የተጠርጣሪው ይመስል ጩኸቱ ይብሳል። ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ትምህርቱም አጭር ነበር።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚሉት ሽማግሌዎች ናቸው። እኛ ሥር የምንምስበት ጊዜ የለንም። ፍሬውን አውጣና ጻፍ። አንድ ገጽ! ዐቃቤ ሕጉ ሁለተኛውን ገጽ አይገልጥልህም።"

እንዳለኝ አደረግኩ። ጥያቄ በአንድ መስመር፣ መልስ በአንድ መስመር፣ ከሥር የጣት አሻራ። ሌሎቹ በሦስት ገጽ የሚያንዛዙትን እኔ በአንድ ገጽ እቋጨዋለሁ። አንድ ቀን ከላንቴ የመጣች ሴት ባሏ ያደረሰባትን አንድ ሰዓት ሙሉ እያለቀሰች ነገረችኝ። የሙዙን ማሳ፣ የገጀራውን ጀርባ፣ ያስወረዳትን ፅንስ፣ አንድም አላስቀረችም። እኔ የጻፍኩት "በባለቤቷ መጠነኛ ድብደባ ደርሶባታል" የሚል ነው። "መጠነኛ" የምትለዋን ቃል ከየት እንዳመጣኋት ዛሬም አላውቅም። አረፍተ ነገሩ ላይ ታምራለች፣ በቃ።

የደጋ ሰው ደግሞ ጭራሽ ለአንድ ገጽ አልተፈጠረም። እዚያ ላይ ክርክር የሚታየው ዱቡሻ በሚሉት የስብሰባ ሜዳ ነው። ባለጉዳዩ ይቆምና ከሩቅ ይጀምራል፤ ከአባቱ፣ ከመሬቱ፣ ከዚያ ዓመት ዝናብ። ማንም አያቋርጠውም። በእናቴ ቀበሌ ደግሞ ነገሩን በዓይኑ ያየ ሰው እንኳ ቢኖር፣ ተናጋሪው እያዘገመ ቦታው ደርሶ "እገሌ አይቷል" ብሎ ስሙን እስኪጠራው ድረስ አፉን አይከፍትም። ሳይጠሩት መናገር ነውር ነው፤ ባለጉዳዩን ያዋርዳል። ልጅ ሆኜ እናቴ አንዴ ይዛኝ ሄዳ፣ ስለ አንዲት ፍየል ግማሽ ቀን ሲወራ ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ፍየሏ የተጠቀሰችው ወደ ማብቂያው ነው። ስለዚህ ወጉን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። ዐውቀው ነበር። ይሰለቸኝ ነበር እንጂ።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በዓል ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ከገረሴ ገበያ ይመለስ የነበረ አንድ ገበሬ ከወንዙ ማዶ መንገድ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ጎረቤቱ ተጠረጠረ። የሁለቱ የእንሰት ማሳ የተያያዘ ነው፤ በድንበር ተጣልተው እንደነበር አገር ያውቃል። ያን ቀን ከገበያ አብረው ሲወጡም ታይተዋል። ሟች የገዛው ጨው ደግሞ ከተጠርጣሪው ቤት ተገኘ። ነገሩ ከበድ ስላለ ሰውየውን ወደ እኛ አወረዱት።

ሃምሳን የተሻገረ፣ ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበር። በዚያ ሙቀት ወፍራም ጋቢውን አላወለቀም። ገብቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳን፤ ከዚያ ዱቡሻ ላይ እንደሚቆመው እግሮቹን አስተካክሎ ቆመና ጀመረ። የጀመረው ከአያቱ ነው። ድንበሩ ላይ ያለውን ቀርከሃ አያቱ እንዴት አድርጎ እንደተከለው።

"ምን ይላል?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ስለ አያቱ ነው ጌታዬ።"

"አያቱን አልከሰስነውም በለው!"

ሳቅሁ። ከዚያ በጋሞኛ፣ እናቴ ስትቆጣ በምትናገርበት ድምፅ፣ "የተጠየቅከውን ብቻ መልስ" አልኩት። አባቴ ሊሆን የሚችልን ሰው አንተ አልኩት። ከአፌ የገዛ አገሩን ቋንቋ ሲሰማ መጀመሪያ ፊቱ በርቶ ነበር፤ እናትህ ከየት ናት ሊለኝ ሁሉ ያሰበ መሰለኝ። አላለኝም።

ኢንስፔክተሩ ሟችን ታውቀዋለህ፣ ተጣልታችሁ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ረጅም መለሰ። አብረው ነው ያደጉት። በድንበሩ ተጣልተዋል፣ እውነት ነው፤ ግን ሽማግሌ ገብቶ፣ በግ ታርዶ ታርቀዋል፤ ከእርቁ ወዲህ እንዲያውም ገበያ የሚሄዱት አብረው ነው፣ ሰው ሁሉ መታረቃቸውን እንዲያይላቸው። እኔ "አውቀዋለሁ፣ ተጣልተን ነበር ይላል" አልኩና ጻፍኩ። መልስ፦ አውቀዋለሁ። በድንበር ተጣልተናል።

በገበያው ቀን አብራችሁ ነበራችሁ? እስከ ወንዙ አብረን ነበርን፣ አለ። ሟች ትከሻውን ያመው ስለነበር ጨዉን የተሸከመለት እሱ ነው። ወንዙ ጋ ሲደርሱ እሱ ወደ ለቅሶ ቤት ሊታጠፍ ሆነ፤ ሟች "ጨዉን ይዘኸው ሂድ፣ ነገ ትሰጠኛለህ" አለው። ይህን ሁሉ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። መልስ፦ አዎ፣ አብረን ነበርን። ጨዉ ከቤትህ ተገኝቷል? "አሁን ነገርኳችሁ እኮ" አለ። መልስ፦ አዎ፣ ተገኝቷል። ዱላ ይዘህ ነበር? ሰውየው ሳቅ ቃጣው፤ በዚያ ጭቃ ያለ ዱላ ገበያ የሚወጣ ማን አለ? መልስ፦ አዎ፣ ይዤ ነበር። ገድለኸዋል? "አይ!" አለ። አጭር መልስ የሰጠው ለዚህች ብቻ ነው። እሷንም ጻፍኩ፤ ሁሉም ተጠርጣሪ የሚላት ስለሆነች ማንም ቁም ነገር እንደማይላት ዐውቃለሁ።

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ዓሣ ሊበላ ከሰው ጋር ተቀጣጥሯል። "ከወንዙ በኋላ ሟችን በሕይወት ያየ ሰው ካለ ይጥራ። ምስክር አለህ ወይ በለው።"

ጠየቅሁት። ሰውየው መዳፉን ከፍ አደረገ፣ ረጋ በል እንደማለት። "አለ። ግን ገና ነኝ። እሱ ጋ ስደርስ እነግራችኋለሁ፤ አታቋርጡኝ" አለኝና ወደ ወንዙ ተመለሰ። ለቅሶው የማን እንደሆነ፣ የሞተችው ሴት ለእሱ በማን በኩል ዘመድ እንደምትሆን መዘርዘር ጀመረ።

"ምን ይላል?"

ይህችን ደቂቃ ስንት ጊዜ መላልሼ እንዳየኋት እግዜር ይወቀው። ርቦኛል። ላቤ ወረቀቱን እያበላሸብኝ ነው። ገጹ ላይ የቀረችኝ አንዲት መስመር ናት። ሰውየው ደግሞ ገና የሴትየዋ አጎት ጋ ነው።

"የለኝም ይላል" አልኩ።

ሰውየው "አለ" ብሏል፤ እኔ "የለኝም ይላል" አልኩ። ሲደርስ አስተካክለዋለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩት። እንዳይደርስ ያደረግኩት ግን እኔው ነኝ። መልስ፦ ምስክር የለኝም። ከሥሩ የተለመደችውን ጨመርኩ፦ ማንም ሳያስገድደኝ በነፃ ፈቃዴ የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ፣ ትክክል መሆኑን በጣት አሻራዬ አረጋግጫለሁ። አልተነበበለትም። የግራ አውራ ጣቱን ይዤ ቀለሙ ላይ ጫንኩት።

"ጨረስኩ እንዴ?" አለኝ በጋሞኛ፣ ግራ ገብቶት።

"ጨርሰሃል" አልኩት።

ሦስቱን ሽማግሌዎች ያየኋቸው ከዚያ ስወጣ ነው። ከጣቢያው በር ፊት ለፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። በእጃቸው ከደጋ ያመጡት ለምለም ሣር አለ፤ በሰላም ለመጣ ሽማግሌ ምልክቱ ነው። አይጮኹም፣ አይለምኑም። ዘቡ ምን ፈለጋችሁ ሲላቸው "እንጠብቃለን" ብቻ አሉት። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን እዚያው ናቸው፤ ሣሩ በሙቀቱ ደርቆ ገለባ ሆኗል፣ እነሱ ግን አልጣሉትም።

የሚጠብቁትን የነገረችኝ እናቴ ናት። ቦርዴ ቀድታላቸው አነጋግራቸው ነበር። ምን እንዳዩ ግን ለእሷም አልነገሯትም።

"ሰውየው ጨርሶ ስማቸውን እስኪጠራ ነው የሚጠብቁት" አለችኝ።

"ጨርሷል እኮ።"

እናቴ ቅሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። ስትናደድ አማርኛዋ ወንድና ሴቱ ይደባለቅባታል። "አንቺ ልጅ፣ አስጨረስሽው?"

"ሥራዬን አታስተምሪኝ!" አልኳት፣ በደንበኞቿ ፊት። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ እልህ ይዞኝ መንገዱን ተሻገርኩና ዛፉ ሥር ሄድኩ። "ማንን ነው የምትጠብቁት? ጉዳዩ አልቋል፤ ወደ አገራችሁ ሂዱ!"

አንደኛው ቀና ብሎ፣ "ጠራን?" አለኝ።

"አልጠራችሁም።"

ይቺ እንኳ እውነት ነበረች። ሦስቱም ተያዩ። ቃሉን ጨርሶ እነሱን ካልጠራ እሱ ያወቀው ነገር አለ ማለት ነው፤ በእነሱ ወግ ከዚህ በኋላ አፍ መክፈት እሱን መዳፈር ነው። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና ደረቁን ሣር ዛፉ ሥር ትተውት ሄዱ። ዞር ሲሉ በጫማዬ ገፋ ገፋ አድርጌ ወደ ቦዩ ከተትኩት።

ፍርድ ቤት የቀረብኩት ቃሉን መቀበሌን ላረጋግጥ ነው። ሰውየው ቆሞ ከአያቱ ጀመረ። ዳኛው አንገታቸውን ደፍተው የእኔን ገጽ ያነቡ ነበር፤ ጥርት ያለች ገጽ ናት፣ ታስነብባለች። "ወደ ዋናው ጉዳይ ግባ" አሉት። አስተርጓሚው ነገረው። ሰውየው ከአያቱ ወደ አባቱ ተሻገረ፤ ለእሱ ይቺ ብዙ መንገድ ማሳጠር ነበረች። ሌላ ቀጠሮ ተሰጠው። በቀጠሮው ቀንም ከአያቱ ጀመረ። አዳራሹ ውስጥ የሳቁ ነበሩ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

አሥራ አምስት ዓመት ፈረዱበት። አላለቀሰም፣ አልጮኸም። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ "አልጨረስኩም።" አስተርጓሚው እሷን ለመተርጎም እንኳ አልደከመም።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል ይላሉ፤ የእሱን ግንድ የጣለ ምሳር ግን ተሸለመ። ኢንስፔክተሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ሥራ እንዲህ ነው!" አለኝ። የምስጋና ደብዳቤ አገኘሁ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳጅን ሆንኩ። እናቴ ቦርዴዋን ከአጥሩ ማዶ አነሳችና ወደ ሴቻ ሰፈር መውጫ ወሰደችው። ለምን ብዬ ብጠይቃት ያኛው ቦታ ጥላ አለው አለችኝ። ልጄ ጸሐፊ ሆነ ማለቷንም ተወችው።

ከዚያ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ አሠልጣኝ ሆንኩላችሁ! ከየወረዳው ለሚመጡ ፖሊሶች ተግባቦት፣ ቃል አቀባበልና ሪፖርት አጻጻፍ አስተምር ጀመር። "ጥሩ መርማሪ ጥሩ አድማጭ ነው" ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ በዚያ ባማረ ጽሑፌ። ቀጥዬ ያቺን ገጽ፣ ስሙን በጥቁር ቀለም ደልዤ፣ በፎቶ ኮፒ አባዝቼ አድላለሁ። "እዩ! ግልጽ፣ አጭር፣ አንድ ትርፍ ቃል የሌለው።" ዓመት ከዓመት ኮፒው ከኮፒ እየተቀዳ ፊደሎቹ ወፈሩ፤ የሰውየው የጣት አሻራም መስመሩ ጠፍቶ ጥቁር ነጥብ ብቻ ሆነ።

አንድ ዓመት ከጨንቻ የመጣች ወጣት ኮንስታብል እጇን አወጣች። ፈራ ተባ እያለች ነው።

"ሳጅን፣ ይህ ሰው የደጋ ሰው ነው?"

"አዎ። ምነው?"

"የእኛ አገር ሰው እንዲህ አይመልስም። የቀረው የት አለ?"

ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። "እህቴ፣ አንቺ ሪፖርት የተማርሽው ሽመና ቤት ነው እንዴ? እኛ እዚህ ክር አናስረዝምም!" አልኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በሙያው ሲናቅ ለኖረ የጨንቻ ልጅ ሸማኔ ተብሎ መሰደብ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ እኔም ዐውቄ ነው ያልኩት። ልጅቷ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ግን ከወረቀቱ አላነሳችም። በተግባር ልምምዱ ቀን ተጠርጣሪ ሆኖ የቀረበላትን ባልደረባዋን አንድ ሰዓት ሙሉ ስታስወራው አገኘኋት። እሷ "እሺ፣ ከዚያስ?" ብቻ ነው የምትለው። ሰዓት አላከበረችም ብዬ ከክፍሉ ዝቅተኛውን ውጤት ሰጠኋት። ገረሴ ተመደበች፤ ተገላገልኩ አልኩ።

ያኔ የወረዳዎቹ የምርመራ ሪፖርት ዐቃቤ ሕግ ጋ ከመድረሱ በፊት በእኔ በኩል ያልፍ ነበርና፣ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ከእሷ አንድ ሪፖርት እንድገመግመው ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። አሥራ አንድ ገጽ! "ይህች ልጅ ዛሬም አልተማረችም" ብዬ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። ከምን ይጀምራል? ከአያት። እየሰረዝኩ ወረድኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ድንበር ላይ የተተከለ ቀርከሃ አገኘሁና እጄ ቆመ።

ቃሉን የሰጠው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ልጆቹ ተራ በተራ ታመውበት፣ ከብቱ አልቆበታል። እዚያ አገር እንዲህ ያለ መከራ የተሰወረ ጥፋት ያመጣው ነው፤ ጎሜ ይሉታል፤ መድኃኒቱም በሕዝብ ፊት መናዘዝ ነው። ሰውየው ዱቡሻ ላይ ቆሞ ጧት ጀመረ። ማንም አላቋረጠውም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወንዙ ጋ ደረሰ። በአባታቸው መሬት ክፍፍል ቂም ይዞ ወንድሙን በድንጋይ የገደለው እሱ ነው። ሽማግሌዎቹ ይዘውት ወደ ጣቢያ ወረዱ፤ ኮንስታብሏም ያንኑ ሁሉ እንደገና፣ ከአያት እስከ ድንጋዩ፣ አዳምጣ ጻፈችው።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ቃል ሰጥተዋል። በዚያ የገበያ ቀን ሟችን ከወንዙ ማዶ፣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር፣ በሕይወት አግኝተው ሰላም ብለውታል። ጎረቤቱ በዚያ ሰዓት ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንደነበርም እነሱ ራሳቸው እዚያው ሲደርሱ አይተዋል፤ ሟችን መንገድ ላይ እንዳገኙትም ያኔውኑ ነግረውታል። ለምን ያኔ አልተናገራችሁም ተብለው ተጠየቁ። "አርባ ምንጭ ወርደን ሦስት ቀን ዛፍ ሥር ጠበቅን። ጋሞኛ የሚችል አንድ ፖሊስ፣ አልጠራችሁም አለን።" ከሥሩ ኮንስታብሏ አንዲት መስመር ጨምራለች፦ የፖሊሱን ስም አያውቁትም።

ከአሥራ አንዱ ገጽ ውስጥ አንድም ትርፍ ቃል አላገኘሁም። ታዲያ ወዲያው ተነሥቼ የሮጥኩ ይመስላችኋል? ሪፖርቱን መሳቢያዬ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት። ሁለት ቀን አቆየሁት። በሰባት ዓመቱ ላይ ሁለት ቀን ጨመርኩበት፤ የፈራሁት ለራሴ ነበር። በሦስተኛው ቀን አስተላለፍኩት።

ፋይሉ እንደገና ታየና ሰውየው ተፈታ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሰባት ዓመት ያደረ ንጋት ለማን እንደሚጠራ እንጃ። ኢንስፔክተሩ ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገብቶ ነበር። እኔን ደግሞ ማንም አልጠየቀኝም። ስንቱን ስጠይቅ የኖርኩ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ አስቀምጦ "ለምን የለኝም ይላል አልክ?" አላለኝም። ቢጠይቁኝ ከየት እንደምጀምር አስቤበት ነበር።

የነገርኩት ለእናቴ ብቻ ነው። አልጋ ይዛ ነበር። ከላይ እስከ ታች ነገርኳት፤ ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ፤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ "ሂድና አስጨርሰው" አለችኝ። በዚያው ሰሞን አረፈች።

አርባዋን አውጥቼ ወደ ገረሴ ወጣሁ። ስኳርና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ፣ ከመኪና ወርጄ ብዙ በእግሬ ተጓዝኩ። ያ ቀርከሃ ድንበሩ ላይ አለ፤ ረዝሟል። ከአጥሩ ሥር ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ዐወቅኋቸው፤ ሦስተኛው ሞቷል። እነሱም ዐወቁኝ መሰለኝ፣ ዞር ብለው ተያዩ።

ሰውየው ከቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ገና ሲያየኝ ዘሎ ተነሥቶ እጆቹን ጎኑ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

"ይቀመጡ አባቴ" አልኩት በጋሞኛ። አልተቀመጠም።

"ያስታውሱኛል?"

"አዎ" አለኝ፣ በአማርኛ። እስር ቤት የተማረው አማርኛ ነው።

"ያኔ ያሉትን አልጻፍኩም። ያላሉትን ጻፍኩ። በድዬዎታለሁ።"

"አዎ።"

"አሁን ግን ጊዜ አለኝ። ከአያትዎ ይጀምሩ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ እሰማዎታለሁ፤ አላቋርጥዎትም።"

አልጀመረም። የማይመልስን ሰው ዝም ብለህ ጠብቀው ብዬ ለስንቱ አስተምሬያለሁ፤ ጠበቅሁ። በመጨረሻ የተናገረችው ሚስቱ ናት።

"ከመጣ ወዲህ እንዲህ ነው። የጠየቁትን ብቻ ነው የሚመልስ። ዱቡሻ ወጥቶም 'አዎ' ብሎ ይቀመጣል፤ ሰው ሁሉ የቀረውን ሲጠብቅ ይውላል።" በአገጯ ወደ አጥሩ አመለከተችኝ። "እነሱም እሁድ እሁድ እየመጡ እዚያ ይቀመጣሉ። ምናልባት ቢጨርስ ብለው።"

ያን ጊዜ ትቼ መሄድ ነበረብኝ። ግን ግትር ነኝ፤ ደግሞ የእናቴ አደራ ነው። ጎንበስ ብዬ ለመንኩት።

"ወንዙ ጋ ነበሩ" አልኩት። "ምስክር አለ፣ እሱ ጋ ስደርስ እነግራችኋለሁ ብለውኝ ነበር። ማንን ሊጠሩ ነበር? ይኸው፣ እዚህ ናቸው። ስማቸውን ብቻ ይጥሩልኝ።"

ከአጥሩ ሥር ሁለቱ ሽማግሌዎች ቀና አሉ። አንደኛው ለመነሣት ዱላውን መሬት ላይ ተከለ።

"ምስክር የለኝም" አለ ሰውየው፣ ቃል በቃል እኔ እንደጻፍኳት።

ከዚያ የግራ እጁን ዘረጋልኝ። አውራ ጣቱን ለብቻ አውጥቶ፣ ቀለሙ ላይ እስክጭንለት ቆሞ ጠበቀኝ።